ገና ነው ያልኩት ዘይት

ነገሌ ቦረና ላይ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ በዘጠነኛው ዓመት፣ መሪ ጨብጬ ሳላውቅ የትራክተር አዋቂ ሆኜ ተሾምኩ። ሹመቱ የመጣው ማንበብ በመቻሌ ነው። አሥራ አንድ ሆነን፣ እኩሌቶቻችን የከተማ ሰዎች፣ እኩሌቶቹ የሊበን ገበሬዎች፣ ማኅበር አቋቁመን አንዲት ትንሽ ትራክተር ገዝተን ነበር። አብሯት የመጣው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበረና ከመካከላችን ወፍራም መጽሐፍ ሲያይ የማይደነግጠው እኔ ብቻ ስለሆንኩ "የሰርቪስ ኃላፊ" አሉኝ። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ግን ኃላፊ መባል ደስ ይላል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ከጠመኔ ሌላ በኃላፊነት የተረከብኩት ነገር አልነበረም።

መጽሐፉን ወር ሙሉ ይዤው ተረጎምኩት። መተርጎም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እኔ ግን አሳመርኩት። አገር ምድሩ ፊልትሮ የሚለውን "ማጥሪያ"፣ ካምቢዮ የሚለውን "የፍጥነት መለወጫ ሣጥን"፣ ሰርቪስ የሚለውን ደግሞ "ወቅታዊ እንክብካቤ" አልኩት። ከዚያ በትልቅ ካርቶን ላይ ሠንጠረዥ አስምሬ፣ በሁለት ቀለም ጽፌ፣ ከተማ ውስጥ በተከራየነው መጋዘን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የሞተር ዘይትና ማጥሪያው መጀመሪያ በሃምሳ ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በየመቶ ሰዓቱ ይለወጣል። የናፍታው ማጥሪያ በሁለት መቶ፣ የካምቢዮው ዘይት በአራት መቶ፣ የራዲያተሩ ውሃ በሁለት ዓመት። የአየር ማጥሪያው በየሃምሳ ሰዓቱ ይራገፋል፤ አቧራ በሚበዛበት አገር ግን በየቀኑ መታየት አለበት። ይህችን የመጨረሻዋን ስጽፍ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ።

ሠንጠረዡን በስብሰባ ሳነብላቸው፣ ከአባሎቻችን አንዱ የሆነው የጉራጌ ባለሱቅ ማጥሪያ ያልኩት የሻይ ማጥለያ መስሎት፣ አጥቦ መጠቀም እያለ ለምን አዲስ እንደሚገዛ ጠየቀኝ። አንድ የሊበን ሽማግሌ ደግሞ ሃምሳ ሰዓት የተባለው በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ አሉ። መጽሐፉን አይቼ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ማንም አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም። ቤቴ ገብቼ የምሬን ፈለግሁ።

ነገሩን ያስረዳን ሾፌራችን ነበሩ። መሪው ሥር ትንሽ ቆጣሪ አለች፤ ሞተሩ ሲነሳ ትቆጥራለች፣ ሲጠፋ ትቆማለች፣ የማንም አቆጣጠር አያገባትም አሉን። ሾፌራችን ሃምሳውን ያለፉ የሊበን ቦረና ናቸው። ከነገሌ እስከ ሜጋ ድረስ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ቀያቸው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ቁጥር ግን ያነባሉ። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘው ጫፏን በሁለት ጣት አሽተው ያሸቷትና፣ ዘይቱ ስንት ሰዓት እንደሠራ ቆጣሪዋን ሳያዩ ይናገራሉ። ኦቦ እላቸዋለሁ፣ መምህር ይሉኛል፤ እኔም አንቱ፣ እሳቸውም አንቱ። ትራክተሯን የሚይዟት አደራ እንደተሰጠቻቸው ላም ነበር፤ በሳቸው ዘንድ ደግሞ የአደራ ከብት ያጠፋ ሰው ስሙ አብሮ ይጠፋል።

እንደዚህ ያለ ሰው እያለልን የመጀመሪያውን ዘይት እኔ ካልቀየርኩ አልኩ። ሃምሳ ሰዓት በሞላ ቀን አባላቱን ጠርቼ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ፣ ካርቶን አንጥፌ ትራክተሯ ሥር ገባሁ። ብሎኑን ፈታሁት፤ ዘይቱ ተንዠቀዠቀ። "አያችሁ እንዴት እንደቆሸሸ" አልኩ ከታች ሆኜ። ዘይቱ ግን ማር ይመስል ነበር። ሾፌራችን አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ሳል አሉ። ጉንፋን መሰለኝ። ደግመው ሳሉና ጎንበስ ብለው፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ይሄኛው የካምቢዮው ነው አሉኝ። የሞተሩ ብሎን ከፊት ነበር። ያፈሰስኩትን መልሰን ሞላን፣ የሞተሩንም እሳቸው እያሳዩኝ ቀየርኩ፤ ለተሰበሰበው ሰው ደግሞ መጀመሪያ ካምቢዮውን እየመረመርኩ እንደነበር አስረዳሁ። ከሸሚዜ የዘይት እድፍ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ ያም ሆኖ ያን ቀን ኮራ ብዬ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ከዚያ በኋላ ኃላፊነቴን የበለጠ አጠበቅሁት። ዘይቱንና ፊልትሮዎቹን (ከእንግዲህ ፊልትሮ ብል ይሻለኛል) ከሐዋሳ አስመጥቼ ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ልብሴ ሥር ቆለፍኩባቸው። ያለኔ ፈቃድ አንዲት ጠብታ እንዳትወጣ ብዬ ነው። ቁልፉን በአንገቴ ማንጠልጠል ብቻ ነበር የቀረኝ።

ጥር ላይ ነው ነገሩ። በጋው በርትቶ ትራክተሯ ተሳቢ ላይ በርሜል ጭና ከጥልቁ ጉድጓድ ወደ ሊበን መንደሮች ውሃ ታመላልስ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ በዚያ ዱቄት በሚመስል አቧራ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አዳሯም እዚያው ሆኗል። በዚያ ዘመን ከሊበን ስልክ ለመደወል ኩይሳ ላይ ተወጥቶ ነበር ኔትወርክ የሚፈለገው፤ ስለዚህ ሾፌራችን የሚጠይቁት ነገር ሲኖራቸው በጭነት መኪና ተሳፍረው ከተማ ይገባሉ።

አንድ ቀን መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ፈተና ሳርም መጡ። አካም ተባባልን፣ ናጋ ተባባልን። ቆመው፣ ቆጣሪዋ መቶ አርባ ላይ መድረሷን ነገሩኝና ዘይቱ መቼ እንደሚቀየር ጠየቁኝ። በሃምሳ ቀይረናል፣ የሚቀጥለው በመቶ ሃምሳ ነው፣ አሥር ሰዓት ይቀራል ብዬ በልቤ አሰላሁ። ያሰላሁትን ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ቀይ እስክሪብቶዬን በጥርሴ እንደያዝኩ፣ ቀና እንኳ ሳልል መለስኩላቸው።

"ገና ነው።"

"ገና?" አሉ።

"አዎ፣ ገና ነው።"

ዘንድሮ አቧራው ከባድ መሆኑን፣ ዘይቱም መጥቆሩን ነገሩኝ። አንድ ጥያቄ ሁለቴ ለሚጠይቅ ተማሪ በማወጣት ድምፅ፣ ገና ነው አልኩዎት እኮ አልኩ። እሺ መምህር ብለው ሄዱ።

እኔም ረሳሁት። ፈተናው አለቀ፣ ሠርግ መጣ፣ ሠርጉ ሲያልፍ ሆዴን አመመኝ፤ ምክንያት አጥቼ አላውቅም። ያ በሁለት ቀለም የተጻፈ ሠንጠረዥ ባዶ መጋዘን ውስጥ ግድግዳውን ያስተምር ነበር። ዘይቱም ከክረምት ልብሴ ሥር ተኝቷል። አልፎ አልፎ ሹራብ ስፈልግ ጄሪካኑን ገፋ አድርጌ እንዳለፍኩ አስታውሳለሁ።

መጋቢት ላይ ደመናው መሰብሰብ ሲጀምርና ገበሬው ሁሉ ለእርሻ ሲነሳሳ፣ ትራክተሯ በርሜሎቿን እንደጫነች መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ከከተማ የሄደው መካኒክ ሞተሩ እንደነከሰ፣ ውስጡ ተጣብቆ መዞር እንዳቆመ ነገረን። የአየር ፊልትሮው ጠዋት ጠዋት ሲራገፍ ስለከረመ ንጹሕ ነበር። የሞተር ዘይቱ ግን ቅጥራን ሆኖ ብሎኑ ተፈትቶም አልወርድ ብሎት ነበር፤ የዘይት ፊልትሮው ሲከፈት ውስጡ ጭቃ ነው። ቆጣሪዋ አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆማለች። ሾፌራችን ዘይቱ በጎደለ ቁጥር ከየመንገደኛው መኪና እየለመኑ ይጨምሩ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ስብሰባ ተጠራ። የዝናቡ ወራት ሊገባ ነው፣ ትራክተር የለም፣ የሰው ሁሉ ፊት ጠቁሯል። እኔ ሠንጠረዤን ከግድግዳ አንስቼ በብብቴ ይዤ ገባሁ። ተነስቼ አነበብኩላቸው። በመቶ ሃምሳ መለወጥ የነበረበት ዘይት እስከ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሲሠራ፣ ቁጥር የሚያነብ ሰው ምን ይመለከት ነበር አልኩ። አማርኛዬ ያን ቀን ቆንጆ ነበር። ነውር ነውና እንዳለ አልደግመውም፤ "አደራ በላ" የሚል ቃል ሁሉ ሳይኖርበት አይቀርም።

ሾፌራችን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያዳምጡኝ ነበር። ሰብሳቢው ምን ይላሉ ሲላቸው ወደኔ ዞረው፣ "ገና ነው ተብዬ ነበር" አሉ።

"መቶ አርባ ላይ ገና ነው ብያለሁ" አልኳቸው። "አራት መቶ ላይስ ገና ነበር?"

አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ከዚያ የትራክተሯን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ።

ከሥራቸው ተሰናበቱ። እኔ ደግሞ በንግግሬ ረክቼ፣ ማታ ራቴን በደንብ በላሁ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። ሾፌራችን ከዚያ በፊት ፊልቱ ከተማ ካለ አንድ የከብት ነጋዴ ጋር ተነጋግረው ኖሯል። ነጋዴው የከብት መጫኛ መኪና ገዝቶ፣ መንገዱንም ከብቱንም የሚያውቅ ሾፌር ይፈልግ ነበር። ሰውን አጣርቶ መቅጠር ያለ ነውና መልእክተኛ ልኮ ማኅበራችንን ጠየቀ። ሰብሳቢያችን ዋሽቶ አያውቅም፤ ዘይት ሳይቀይሩ ሞተር አቃጥለውብናል ብሎ እንቅጩን ነገረው። ነጋዴውም ቅጥሩን ያዝ አደረገው። ይህን ስሰማ አዘንኩላቸው፤ ግን ሰው የሥራውን ነው የሚያገኘው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከአባሎቻችን አንዷ የሆኑት የሊበን እናት ቤቴ ደጃፍ መጡ። ባላቸው ሞተው ቦሎቄና በቆሎ ብቻቸውን የሚዘሩ ሴት ናቸው። ዝናብ ጀምሯል፤ ነጠላቸው ርሷል። ከአዲስ አበባ ያዘዝነው የሞተር ዕቃ መቼ እንደሚመጣ ጠየቁኝ።

"ገና ነው" አልኳቸው።

በድንጋጤ አዩኝ። "የከርሞው?"

"የምን የከርሞው?"

"የዘንድሮው ገናማ ይኸው ገባ" አሉ፣ በእጃቸው ዝናቡን እያሳዩኝ። "የከርሞውን ገና ጠብቂ ካሉኝ በሬ ልለምን እንጂ፣ መምህር።"

በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። በኦሮምኛ ገና ማለት ዋናው የዝናብ ወራት ነው፤ መጋቢት ላይ ይገባል፣ እርሻውም ግጦሹም ዕድሜውም የሚቆጠረው በሱ ነው። ይህን አላውቅም ብል ውሸት ነው። ዘጠኝ ዓመት በየዕለቱ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ገበያ ውስጥ ራሴም እለዋለሁ። ጥር ላይ ዘይቱ መቼ ነው ብለው ለጠየቁኝ ሰው፣ በዝናቡ ወራት ነው ብዬ መለስኩላቸው። ገና? ብለው አረጋገጡ። አዎ፣ ገና ነው አልኩ። አቧራውን ነገሩኝ፤ ተቆጣኋቸው። ከዚያ ቃሌን አክብረው፣ ዘይት እየለመኑ፣ ዝናቡን ጠበቁ።

ሌላው ሁሉ ይቅር፤ አማርኛ መምህር ነኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ የሚጠብቁና የሚላሉ ቃላት የምትባል ትምህርት አለችኝ። ሰሌዳው ላይ "ገና" ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌ፣ አንዱ ሲላላ "እስካሁን አልሆነም" ማለት ነው፣ ሌላው ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፣ አንድ አድርጎ የጻፈ ሰው አንድ አድርጎ እንዳይሰማ መጠንቀቅ አለበት እላለሁ። የቦረናው ገናም እንደ በዓሉ ይጠብቃል። እስክሪብቶ ነክሼ ያወጣሁት ቃል ጠብቆ ይሁን ላልቶ እግዜር ይወቀው። ሴትዮዋን ዕቃው በቅርብ እንደሚመጣ ነግሬ ሸኘኋቸውና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔውኑ ልብሴን ለብሼ ሰብሳቢው ቤት መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። መጀመሪያ፣ ነገሩን በጽሑፍ ባቀርበው ይሻላል አልኩና አምስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ቀጥሎ፣ ዕቃው ይምጣና ሰው ሲረጋጋ እነግራለሁ አልኩ። ሦስተኛ፣ ተማሪዎቼ ቢሰሙስ አልኩ፤ እውነተኛው ምክንያት ይሄኛው ነው። "ገና" ብለው ስም ሊያወጡልኝ እንደሚችሉ አሰብኩ፤ ያወጡልኛልም። በመካከሉ አንድ ቀን ገበያ ላይ ሾፌራችንን አገኘኋቸው። ብትራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ናጋ አሉኝ፣ ናጋ አልኳቸው፤ የልጆቼን ደኅንነት ጠየቁኝ። ልነግራቸው ብዬ የሽንኩርት ዋጋ አወራሁላቸው።

ሴትዮዋ ደጄ ከመጡ ልክ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ አባላቱ ዕቃው ደርሶ ሲሰበሰቡ ተነሳሁ። በአማርኛ ጀመርኩት፣ በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ጨረስኩት። መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ሴትዮዋ ገባቸውና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ባለሱቁ ከአግዳሚው ሊወድቅ ደርሶ የጎረቤቱን ትከሻ ያዘ። ሽማግሌው፣ ሃምሳ ሰዓቱ በኛ ነው በፈረንጅ ያሉት፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሰዓቱን ትተን ቃሉን መጠየቅ ነበረብን አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁሉም አንድ ነገር ተናገረ፦ ሾፌሩ ይመለሱ፣ ለፊልቱው ነጋዴም ጥፋቱ የማን እንደሆነ በደብዳቤ ይጻፍለት። ጸሐፊው እንደተለመደው እኔ ሆንኩ።

ደብዳቤውን በዚያው ቀን ጻፍኩ። በሕይወቴ የጻፍኩት ሁሉ ተደምሮ እንደሱ አጭርና ግልጽ አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ይዤው፣ እኩሌታውን በጭነት መኪና፣ እኩሌታውን በእግሬ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ሊበን ሾፌራችን ቤት ደረስኩ። የጥጃ ማጎሪያ አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ወተት አስመጡልኝ። ወተቱን ሳልቀምስ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጥር ወሩን ጥያቄ፣ እስክሪብቶውን፣ ገናን፣ ስብሰባውን። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ኤዬ፣ አውቃለሁ" አሉ።

መቼ እንዳወቁ ጠየቅኳቸው።

"እዚያው ስብሰባው ላይ። መቶ አርባ ላይ ገና ነው ብያለሁ ሲሉ ገባኝ።"

"ታዲያ ምነው ያኔ አልተናገሩ?"

አጥሩ ላይ የነበረችውን ሽቦ ጠምዝዘው ጨረሱ።

"የዚያ ሁሉ ሰው ልጆች አንቱ ዘንድ ይማራሉ" አሉኝ። "መምህሩ ሲናገር አይሰማም፣ ሲጠየቅ አያይም ቢባል፣ ልጆቹ ከነገ ወዲያ ምን ብለው ይቀመጡልዎታል? ሾፌር ሞተር አቃጠለ ቢባል ግን ያለ ነገር ነው ብዬ። ፊልቱ ድረስ ይሰማል ብዬ አላሰብኩም።"

አፍሬ መሬት መሬቱን ሳይ፣ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ መኖሩ ትዝ አለኝና አውጥቼ ሰጠኋቸው። ገልብጠው አዩትና እንዳነብላቸው መለሱልኝ። አነበብኩላቸው። ጥሩ ደብዳቤ ነው አሉ፤ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ አኖሩት። ነገ ጠዋት በሚያልፈው መኪና ፊልቱ ይድረስ፣ እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ አልኳቸው።

"አይልፉ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሰውየው ሲጠብቅ ቆይቶ ሌላ ሾፌር ቀጥሯል።"

መቼ አልኩ።

"ባለፈው ቅዳሜ።"

በዚያ ቅዳሜ፣ እኔ እውነቱን ካወቅሁ አሥራ ስምንት ቀን ሆኖኝ ነበር።